ፓራጃኖቭን ለፊልም ክበብ ሳቀርብ፦ የታሰረበት ሕግ፣ የእስር ቤት ሥራዎቹና ትክክለኛው ቅጂ

ሲኒ ማታ፦

ሰላም ለቤቱ። በሚቀጥለው ወር በክበባችን የሶቪየት ዘመኑን ፊልም ዲሬክተር የሰርጌ ፓራጃኖቭን «የሮማን ቀለም» እናሳያለን፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ውይይት አለ። መግቢያውን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ «ሶቪየት አሰረችው፣ ሊቅ ነበር፣ ሞተ» ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

የታሰረበት አንቀጽ በትክክል የትኛው ነው? አንዱ በተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ነው ይላል፣ ሌላው ያ ሽፋን ነው፣ ነገሩ የዩክሬን ፖለቲካ ነው ይላል። እስር ቤት ሆኖ ሠራቸው የሚባሉት ኮላዦች (ቁርጥራጭ እየተለጣጠፈ የሚሠራ ምስል) እና ሥዕሎች ከምን ተሠሩ፣ እንዴትስ ወጡ? ኢንተርኔት ላይ ያሉት የፊልሙ ቅጂዎች ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ የቱን ላሳይ? ጨዋታው በአንድ ሰው ብቻ እንዳይቀርም በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር እንዲህ የኖሩ ሌሎች አንድ ሁለት ሰዎች ጠቁሙኝ። ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. ጻፉልኝ፤ መቀየሩን ለኔ ተዉት።


ሞንታዥ፦

ከሕጉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ቦልሼቪኮች በ1922 የወንጀል ሕጋቸውን ሲያወጡ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን የሚቀጣውን የዛር ዘመን አንቀጽ ትተውት ነበር። በስታሊን ጊዜ ተመለሰ፦ ዲሴምበር 1933 ውሳኔው ወጣ፣ ማርች 1934 ሕግ ሆነ። በ1960ው የሩሲያ ሕግ ቁጥሩ 121 ነው፣ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት። ግን እያንዳንዱ ሪፐብሊክ የራሱ የወንጀል ሕግ ነበረው። ፓራጃኖቭ የተፈረደበት ኪየቭ ስለሆነ አንቀጹ የዩክሬኑ 122 ነው። «በአንቀጽ 121 ታሰረ» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመህ ጸሐፊው የሩሲያውን ቁጥር ሳያጣራ የገለበጠ ነው፤ የቀረውንም በጥንቃቄ አንብብለት። ሴቶች በአንቀጹ ውስጥ የሉም። እነሱን የሚጠብቃቸው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር።

የእሱ ነገር እንዲህ ነው። በ1924 ትብሊሲ ከአርመን ቤተሰብ ተወለደ። በ1948 እዚያው ትብሊሲ በዚሁ ዓይነት ክስ 5 ዓመት ተፈረደበት፣ ወራት ታስሮ በምሕረት ወጣ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ አንተ እንዳትዘለው። ከዚያ ኪየቭ በሚገኘው ዶቭዠንኮ ስቱዲዮ እየሠራ በ1964 «የተረሱ አባቶች ጥላ»ን ጨረሰ። የካርፓቲያ ተራሮች ሰዎች በራሳቸው ዘዬ የሚናገሩበት ፊልም ነው፤ ወደ ሩሲያኛ ይመለስ ሲባል እምቢ አለ። ሴፕቴምበር 1965 ኪየቭ ላይ ሲመረቅ ሐያሲው ኢቫን ጁባ ተነስቶ በዚያ ሰሞን የታሰሩትን የዩክሬን ምሁራን ጉዳይ በአዳራሹ ውስጥ ተናገረ። በ1968 ደግሞ 139 ሰዎች ፖለቲካዊ ክሶችን ተቃውመው ለሞስኮ የላኩት ደብዳቤ ላይ የፓራጃኖቭ ፊርማ አለበት። መዝገቡ እያበጠ ሄደ ማለት ነው።

ዲሴምበር 17 ቀን 1973 ኪየቭ ውስጥ ያዙት። ክሱ በ122 ላይ የብልግና ሥዕል ማሰራጨትንም ጨምሮበታል። በ1974 አምስት ዓመት፣ ያውም ጥብቅ አገዛዝ ባለበት ካምፕ ተፈረደበት።

እንግዲህ «በፍቅሩ ነው ወይስ በፖለቲካ» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን እንደማይገናኙ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። በፖለቲካ አንቀጽ ብታስረው ስሙ በማግስቱ በውጭ ሬዲዮ ይነበባል፣ ጀግና ይሆናል። በ122 ብታስረው ግን ፊርማ የሚያሰባስቡት ጓደኞቹ እንኳ ያፍራሉ፤ «እሱ እንኳ…» ብለው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ካምፕ ውስጥ ደግሞ በዚህ አንቀጽ የገባ ሰው በእስረኞቹ በራሳቸው ሥርዓት የመጨረሻው እርከን ላይ ነው፤ ሳህኑ ለብቻ፣ መኝታው በር ሥር፣ ሥራው ሽንት ቤት ማጽዳት። ኬጂቢ (የሶቪየት የደኅንነት መሥሪያ ቤት) ቅጣቱን የሚያከብደው ራሱ እጁን ሳያነሳ ነው። አንቀጹ መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው የሠራው ግን ሰውየው የኖረው ሕይወት እውነተኛ ስለነበረ ነው። ሁለቱን አብረህ ተናገር።

የወጣው ዲሴምበር 30 ቀን 1977 ነው፣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው። ዲሬክተሩ ታርኮቭስኪና ጸሐፊው ሽክሎቭስኪ በ1974 ለዩክሬን ፓርቲ አመራር ጽፈውለት መልስ አልነበረውም። በሩን ያስከፈተው ሊሊያ ብሪክ ጉዳዩን ይዛ ወደ እህቷ ባል፣ ወደ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሉዊ አራጎን መሄዷ፣ አራጎንም ብሬዥኔቭን ፊት ለፊት ማግኘቱ ነው። አራጎን የፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ ትልቅ ሰው ስለነበር ቃሉ ቦታ ነበረው። እንደ ፌሊኒና ትሩፎ ያሉ የውጭ ዲሬክተሮች ፊርማ ያለባቸው ተማጽኖዎች ጩኸቱን አላስረሱም፤ በሩ የተከፈተው ግን ከውስጥ በኩል ነው።


ቀስተ ደመና ያልሆንኩ፦

ወንድሜ ሞንታዥ፣ አርመኖች ራሳቸው «ክሱ የኬጂቢ ፈጠራ ነው» እያሉ እኛ ለምን የሰው ስም እናጠፋለን? ሰውየው ሁለት ጊዜ አግብቷል፣ ልጅ አለው።


ሞንታዥ፦

ማግባቱ እውነት ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ኒግያር የታታር ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነበረች፤ እሱን አግብታ ሃይማኖቷን በመለወጧ የገዛ ዘመዶቿ ገደሏት። ከሁለተኛ ሚስቱ ከስቬትላና ሱሬን የሚባል ወንድ ልጅ አለው። ከስቬትላና ከተለያዩም በኋላ ከካምፕ ይጽፍላት ነበር። አምስት ዓመት በሚያሳስር ሕግ ሥር ጋብቻ የሰውን ልብ አይመሰክርም። የ1948ቱም ክስ የመጣው ገና አንድም የታወቀ ፊልም ሳይሠራ፣ የዩክሬን ጉዳይ የሚባል ነገር ሳይኖርበት ነው።

«ስም ማጥፋት» ያልከው ነገር ግን ለውይይቱ ይጠቅማል። አሳሪዎቹ የተማመኑት በትክክል በዚያ ስሜት ነው።

ሲኒ ማታ፣ አንድ ምክር፦ ሰውየው በአደባባይ ለራሱ ያልሰጠውን ስም አትለጥፍበት። የተፈረደበትን አንቀጽ፣ ሁለቱን ጋብቻዎች፣ ፊልሙ ውስጥ የሚታየውን አስቀምጥና ተመልካቹ ይየው።


ዳንቴል፦

ስለ ቅጂው እኔ ልመልስ።

ሁለት «የሮማን ቀለም» አለ። አንደኛው የአርመኒያው ስቱዲዮ አርመንፊልም ሠርቶ በ1969 አርመኒያ ውስጥ የታየው ነው፤ ርዝመቱ 78 ደቂቃ አካባቢ። ፊልሙ ስለ 18ኛው መቶ ዘመን አዝማሪ ባለቅኔ ስለ ሳያት ኖቫ ነው። በአርመንኛ፣ በጆርጂያኛና በአዘርባጃን ቱርክኛ የሚያዜም፣ ኋላ መነኩሴ የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ ርእሱም የባለቅኔው ስም ነበር። ሳንሱሩ «ይህ የሕይወት ታሪክ አይደለም፣ የሕዝብን ባለቅኔ ስም አትጠቀምበት» ብሎ ስሙን ከርእሱም ከምዕራፎቹም አስወጣው። ሁለተኛው ዲሬክተሩ ሰርጌ ዩትኬቪች ለሶቪየት ኅብረት ሥርጭት ቆርጦ እንደገና ያቀናጀው ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ያጥራል፣ የአንዳንድ ትዕይንት ቅደም ተከተል ተቀይሯል፣ በመሃል የሚገቡት ጽሑፎች ሩሲያኛ ናቸው። ዩትኬቪችን መርገም ፋሽን ነው፤ ያ ቅጂ ባይኖር ግን ፊልሙ ከአርመኒያ ውጭ የመታየት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር።

አንተ የምትፈልገው በ2014 ታድሶ ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየውን ነው። መሠረቱ የአርመኒያው ቅጂ ነው። መለየት ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የሚመጡት ጽሑፎች በአርመን ፊደል ከሆኑ ትክክል ነህ፤ ሩሲያኛ ካየህ የዩትኬቪች ነው።

ማሳያው ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ፊልሙ ጎኖቹ ወደ እኩል የሚጠጉ፣ የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት ፍሬም አለው። ፕሮጀክተሩ «ስክሪን ሙላ» ላይ ከተተወ ወይ ሰዎቹ ይወፍራሉ ወይ ከላይና ከታች ይቆረጣል። በሌላ ፊልም ያልፋል፣ እዚህ ግን አያልፍም፤ ካሜራው ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም፣ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ለፊት ቆሞ ያይሃል፣ ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች የተቀመጠው ዕቃ ሁሉ ትርጉም አለው። ፕሮጀክተሩን ወደ 4፡3 ወይም «ኦሪጅናል» ቀይረህ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ድምፁንም ቀድመህ ሞክር። ንግግር እምብዛም የለም፤ የውሃ ጠብታ፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ የደወል ድምፅ ነው የሚሸከመው። ላፕቶፕ ስፒከር ይገድለዋል።

ለውይይቱ ደግሞ አንድ ትዕይንት ላይ ቁም፦ ወጣቱ ባለቅኔና የሚወዳት ልዕልት። ሁለቱንም የምትጫወተው አንዲት ተዋናይት ናት፣ ሶፊኮ ቺያውሬሊ፤ ሌሎች ገጸ ባሕርያትም አሏት። ልዕልቲቱ ዳንቴል ትሠራለች፣ ዳንቴሉን ፊቷ ላይ ትጋርዳለች፣ ባለቅኔው በዚያው ፊት መልሶ ያያታል። አፍቃሪና ተፈቃሪ አንድ መልክ፣ ወንድና ሴት አንድ መልክ። በሶቪየት ስቱዲዮ ገንዘብ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ። ሳንሱሮቹ «አይገባም» ብለው የጻፉት ስለ ፊልሙ ቋንቋ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሳይገባቸው የቀረው ጠቅሟል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ አንድ ሙሉ ፊልም አልሠራም። ሐሳብ አጥቶ አይደለም፣ የሚያቀርባቸውን ስክሪፕቶች እየመለሱበት ነው።


እጀ ጥበብ፦

የእስር ቤት ሥራዎቹ ወደ 800 ይጠጋሉ ተብሎ ይቆጠራል፦ ሥዕሎች፣ ኮላዦች፣ አሻንጉሊቶች። ካምፖቹ ዩክሬን ውስጥ ነበሩ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አዛውረውታል። ጆንያ ያሰፉት ነበር፤ ከአሻንጉሊቶቹ አንዳንዶቹ ከዚያው ከጆንያ ጨርቅ የተሰፉ ናቸው። ኮላዦቹ የደረቀ አበባና ቅጠል፣ የመጽሔት ቁራጭ፣ የገመድ ብጣሽ፣ ሌላው ቀርቶ የሚጣል መጠቅለያ ነው። ካሜራ የከለከሉት ሰው ፍሬሙን በወረቀት ላይ ቀጠለበት፤ ፊልሙንና ኮላዡን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጣቸው አቀማመጡ አንድ ነው።

በጣም የታወቁት «ታለር» ያላቸው ናቸው፣ በድሮ የብር ሳንቲም ስም። (ማርያ ቴሬዛን የሚያውቅ የኛ ሰው ይህ ስም አይከብደውም።) የሶቪየት ወተትና ከፊር (የሚጠጣ የረጋ ወተት) በጠርሙስ ይሸጥ ነበር፣ አፉም በስስ የአሉሚኒየም ፎይል ክዳን ይታሸግ ነበር። ክዳኑን አለስልሶ በጥፍርና በሚስማር እየጫነ የሰው ፊት፣ የነገሥታት መልክ ያወጣበታል። ተመልካችህ የሥራውን ልክ እንዲረዳ ከፈለግህ መድረኩ ላይ አስሞክራቸው፤ ርካሽ ነው።

የእርጎ ፎይል ክዳን ወይም የወጥ ቤት ፎይል ሁለት ድርብ ያዝ። በማንኪያ ጀርባ እያሸህ ሽብሽቡን አጥፋ። ሥሩ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ ወይም የሞባይል ላስቲክ ሽፋን አድርግ፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ካስቀመጥከው መስመር ይጫራል እንጂ ፊት አይነሳም። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ ከጀርባው በኩል ግንባርን፣ አፍንጫን፣ ጉንጭን ቀስ እያልክ ግፋ። ከዚያ ገልብጠህ ከፊት በኩል በፊቱ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ወደ ታች ጫን፤ መልኩ የሚነሳው ያኔ ነው። እንደገና ወደ ጀርባ፣ እንደገና ወደ ፊት። ፎይል የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በአንድ ግፊት አፍንጫውን እጨርሳለሁ ሲባል ነው፤ ብረቱ የሚለጠጠው በጥቂቱ ነው። ፊደል የሚጽፍ ሰው ከጀርባ ሲጽፍ ተገልብጦ መሆኑን አይርሳ። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ከታገለበት በኋላ የፓራጃኖቭን ክዳኖች ፎቶ አሳየው።

እንዴት ወጡ ላልከው፦ ብዙው በደብዳቤ ነው። ለሊሊያ ብሪክ፣ ለስቬትላና፣ ለልጁ፣ ለጓደኞቹ። ደብዳቤ ሁሉ በሳንሱር ያልፋል፤ የሚጽፈውን ቃል የሚያነብ ሳንሱር ግን የደረቀ አበባ የተለጠፈበት ካርድ ላይ የሚያጠፋው ነገር የለውም። ዋናው ግን ተቀባዮቹ ናቸው፤ አልጣሉም። ዛሬ ሥራዎቹ ያሉት የሬቫን በሚገኘው ሙዚየሙ ነው። ሙዚየሙ በ1991 ተከፈተ፣ እሱ በጁላይ 1990 ከሞተ በኋላ።


ካርቦን፦

ከፊልም ሰው ጋር ጸሐፊ ብታስቀምጥ ጥሩ ነው፤ አደጋውም ዘዴውም ይለያያል። የፊልም ሰው ስቱዲዮ፣ ገንዘብ፣ ላብራቶሪ ይፈልጋል፤ መንግሥት ካሜራውን ሲነሳው አለቀ። ጸሐፊ የሚፈልገው ወረቀት ነው።

የምጠቁምህ የቭጌኒ ካሪቶኖቭን ነው። በ1941 ኖቮሲቢርስክ ተወለደ፣ ሞስኮ የፊልም ትምህርት ቤት ትወና ተማረ፣ የፓንቶሚም (ያለ ቃል የሚደረግ ትወና) ምሁር ሆነ። መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን ቴአትር አዘጋጅቷል። በአደባባይ ይህ ነበር። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከ1969 ጀምሮ ወንድን ስለሚወድ ወንድ ኑሮ ያለ መሸፋፈን የሚጽፍ ደራሲ ነበር። በሕይወቱ ሳለ አገሩ ውስጥ አንድም ልብ ወለድ አልታተመለትም። በ1980 ከሌሎች ስድስት ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ መድበል አዘጋጅተው ለሞስኮ ከተማ ምክር ቤት የይፋ ማመልከቻ አስገቡ፤ የመጣው መልስ የቤት ፍተሻ ነው። ጁን 29 ቀን 1981 ፑሽኪን ጎዳና ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ፣ በ40 ዓመቱ፤ የያዛቸው የአዲስ ተውኔት ገጾች መንገዱ ላይ ተበተኑ። ሥራዎቹ ሩሲያ ውስጥ በመጽሐፍ የወጡት በ1993 ነው። አንቀጽ 121 የተሻረውም በዚያው ዓመት በሜይ ነው።

ተመልካችህ «በእጅ ይዞር ነበር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንዲያውቅ፣ ሳሚዝዳት (ያለ መንግሥት ፈቃድ በግል እየተባዛ የሚዞር ጽሑፍ) የሚሠራው እንዲህ ነው። ስስ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ስስ ወረቀት፣ ካርቦን እያሉ ደራርበው አንድ ላይ የጽሕፈት መኪናው ሲሊንደር ውስጥ ያስገቡታል። በተራ ወረቀት አራት አምስት ቅጂ ይወጣል፤ የሲጋራ መጠቅለያ በሚመስለው ስስ ወረቀት እስከ ስምንትና ከዚያም በላይ። የመጨረሻው ቅጂ ግን ጉም ነው፤ ፊደል በግምት ነው የሚነበበው። ስለዚህ በኃይል መምታት ያስፈልጋል፣ በኃይል መምታት ደግሞ ጎረቤት ይሰማል። የጋራ መኖሪያ ውስጥ ያለ ሰው ከመኪናው ሥር ብርድ ልብስ ያነጥፋል፣ ሬዲዮ ይከፍታል። ስህተት ቢገባ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ለየብቻ መታረም አለበት፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ትተውት ያልፋሉ፣ ቀጣዩ ቀጂ ስህተቱን ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምራል። የሚያስይዘው ደግሞ ካርቦኑ ነው። አዲስ ካርቦን የመታኸውን ገጽ በሙሉ ይዞ ይቀራል፣ ብርሃን ላይ ብታነሳው ይነበባል። ስለዚህ ይቃጠላል። መኪናውም ራሱ ምስክር ነው፤ የተጎዳ ፊደል፣ ከመስመር ዝቅ ያለ ፊደል የባለቤቱ አሻራ ነው። ሮማኒያ እዚህ ላይ ሁሉንም በልጣለች፦ በ1983 የወጣው ድንጋጌ የጽሕፈት መኪና ያለው ሁሉ ፖሊስ ዘንድ እንዲያስመዘግብ፣ የፊደሎቹንም ናሙና እንዲሰጥ አዘዘ።

ካሪቶኖቭ ላይ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። ገጹን እንደ መድረክ ነው የሚጠቀምበት፦ የሚያጠብበት ዓምድ፣ የሚደርበው ፊደል፣ ባዶ የሚተወው ቦታ፣ ሆን ብሎ የሚተወው የአመታት ስህተት። ቅን አሳቢ ቀጂ «አስተካክዬ ልምታለት» ካለ ጽሑፉ ሞተ። ስለዚህ ራሱ ነበር የሚመታው። መጨረሻ ላይ ሥራዎቹን በራሱ ቅደም ተከተል በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ «በቤት እስር» ብሎ ሰየመው። ኋላ የታተመው ያ ቅደም ተከተል ነው፣ ቅጂዎቹ በጓደኞቹ እጅ ስለቀሩ።


የደሴቱ ልጅ፦

ኩባን ካልጨመራችሁ ሥዕሉ ጎደሎ ነው። ክበብህ አዲስ አበባ ከሆነ ኩባ የተማረ ሰው አይጠፋም፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን የወጣቶች ደሴት ላይ ተምረዋል፣ ስፓኒሹን ጮክ ብሎ የሚያነብልህ አታጣም።

መጀመሪያ ጊዜውን። ኦክቶበር 1961 በሃቫና በተደረገ አፈሳ ትልቁ ፀሐፌ ተውኔት ቪርሂሊዮ ፒኜራ ጓናቦ ባሕር ዳርቻ ታሰረ፣ በጓደኞቹ ጥረት ወጣ። ከ1965 እስከ 1968 ካማጉዌይ ውስጥ ለ«ምርት ድጋፍ» የተባሉ ወታደራዊ የሥራ ካምፖች ነበሩ፤ ሸንኮራ የሚያስቆርጡት ከሃይማኖተኞች ጋር ወንድ ወዳጅ ናቸው የተባሉትንም ነው። በጣም የሚያስተምረው ግን 1971 ነው። በዚያ ዓመት የትምህርትና የባህል ጉባኤው እንዲህ ያሉ ሰዎች በኪነ ጥበብ በኩል ወጣቱን እንዳይነኩ ወሰነ። ከዚያ የቴአትር ሰዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ «መለኪያውን አታሟላም» የሚል ወረቀት መስጠት ተጀመረ። ፍርድ ቤት የለም፣ እስር የለም፣ ከመድረክ ወደ ሌላ ሥራ ትመደባለህ። አንቶን አሩፋት በ1968 በተሸለመ ተውኔቱ ምክንያት ለ14 ዓመት ምንም እንዳያትም ተደርጎ ማሪያናዎ ባለ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያሽግ ኖረ። ፒኜራም በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ መስመር ሳይታተምለት በ1979 ሞተ፤ እስከ መጨረሻው ግን በየቀኑ ይጽፍ ነበር። ካምፕ ታሪክ ይወጣዋል፣ ፊልም ይሠራበታል። ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ያለ ሰው ግን ምን ብሎ ይጮኻል?

ሬይናልዶ አሬናስ ተቃራኒው ነው። በ1943 በምሥራቅ ኩባ ገጠር ተወለደ፤ አገሩ ውስጥ የታተመለት ልብ ወለድ አንድ ብቻ ነው፣ በ1967። ሁለተኛውን ለሰዓሊው ሆርሄ ካማቾና ለሚስቱ ማርጋሪታ ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ ፓሪስ ነበር የሚኖሩት፣ በ1967 ለሥዕል ዐውደ ርእይ ሃቫና መጥተው ነበር። ይዘውት ወጡ፣ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ታተመ። ያለ ደራስያን ማኅበሩ ፈቃድ ውጭ ማሳተም ራሱ ጥፋት ነበር። በ1973 ያዙት፣ አመለጠ፣ ሌኒን ፓርክ ውስጥ ተደብቆ ማስታወሻውን መጻፍ ጀመረ፤ መብራት ስለሌለ ሳይመሽ ነበር የሚጽፈው። ተይዞ ኤል ሞሮ ምሽግ ገባ። ውስጥ እያለ ለሌሎች እስረኞች ለሚስቶቻቸውና ለፍቅረኞቻቸው ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ ይህም ጠብቆታል።

ከካርቦን ጋር የሚገናኘው ይህ ነው፦ አሬናስ አንድ ትልቅ ልብ ወለዱን ሁለት ጊዜ ጠፍቶበት ሦስተኛ ጊዜ እንደ አዲስ ጻፈው። አንዱ ቅጂ የአክስቱ ቤት ጣሪያ ክዳን ሥር ተደብቆ ነበር፣ ሲመለስ የለም። ችግሩ የአንድ ቅጂ ነገር ነው፤ ካርቦንና ስስ ወረቀት እንደ ሞስኮ አይገኝም፣ የሚያምነው ሰውም ጠያቂ ይሆናል። ከካማቾዎቹ ጋር የወጣው ግን አልጠፋም።

በ1980 የኩባው ማሪኤል ወደብ ለሚሰደዱ ሲከፈት መንግሥት «የማይፈለጉ» ያላቸውን ይሸኝ ነበር። አሬናስ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ወንድ ወዳጅነቱን ተናግሮ የመውጫ ወረቀት አገኘ፤ እንደ ደራሲ ግን እንዳይወጣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ፓስፖርቱ ላይ የስሙን አንዲት ፊደል ለውጦ አሪናስ ሆኖ መርከብ ላይ ወጣ። ያው ማንነት ለዓመታት አሳሰረው፣ በአንድ ሳምንት ደግሞ ማለፊያ ሆነለት። ዲሴምበር 1990 ኒው ዮርክ ሞተ፣ ከፓራጃኖቭ አምስት ወር በኋላ።


ዳንቴል፦

ከደሴቱ ልጅ ላይ አንድ ልጨምር፣ አጭር ናት። ምሥራቅ ጀርመን በመንግሥት ስቱዲዮዋ ስለ ወንዶች ፍቅር አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ፊልም ሠርታለች፤ ዲሬክተሩ ሃይነር ካሮቭ ነው። የተመረቀው ምሥራቅ በርሊን፣ ኪኖ ኢንተርናሲዮናል፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ግንቡ ተከፍቷል።


ሲኒ ማታ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ሁሉንም ማንሳት አልችልም። ፓራጃኖቭና አሬናስን ልያዝ ወይስ ካሪቶኖቭን? ሌላው፣ የክዳኖቹንና የኮላዦቹን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርጄ በትልቁ ማሳየት እችላለሁ?


እጀ ጥበብ፦

ከሚታይ ነገር ጋር የሚሄደው ካሪቶኖቭ ነው። አንድ ገጹን በትልቁ አሳይ፤ ሩሲያኛ የማያነብ ሰውም አቀማመጡን ያያል፣ ከፎይሉ ጎን ይቆማል። አሬናስ በቃል የሚተረክ ስለሆነ ጊዜ ይበላብሃል፤ ከተረፈህ የማሪኤሏን ፓስፖርት ብቻ ንገራቸው።

ፎቶውን በተመለከተ ለሙዚየሙ ጻፍላቸው፣ የሬቫን ነው፣ በእንግሊዝኛም በሩሲያኛም ይሆናል። የክበቡን ስም፣ ቀኑን፣ መግቢያ የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን፣ የትኛዎቹን ሥራዎች እንደምትፈልግ ዘርዝር። ከኢንተርኔት የሚገኙት ብዙዎቹ ጎብኚ በስልክ፣ ከመስታወት ውጭ ሆኖ ያነሳቸው ናቸው፤ ፎይል ላይ ደግሞ የመብራት ነጸብራቅ ፊቱን ይበላዋል። ከሙዚየሙ ካላገኘህ ብርሃኑ ከጎን የገባበትን ፎቶ ምረጥ፤ የተነሳው መልክ ጥላ የሚጥለው ያኔ ብቻ ነው።